ስፌቱ ወደ ውጭ

የካቲት 9

ለልጄ ለመርፌ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ሾፌሩ ባልሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን "በቀር" ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት አልሆነም። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ መስታወቱን ስወለውል፣ ድሮ ከሥሩ ተቀምጠሽ አሻንጉሊት የምትሰፊበትን ቦታ ሳላይ አልውልም።

"ዘንድሮ ደግሞ ምን ሆነው ከመንገድ ተመለሱ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የጎረቤቴን የሰዓት ሠሪውን ፂም እየላጨሁ ሳለ ነው። ግማሹን አንስቼለት ምላጩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "ቀሪውን ነገ ልምጣ?" አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ ልጆቹ ሁሉ አጠገቡ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው አናት ላይ ጉም ነበር። ጉም ደግሞ መንገድ ያስታል። በዚያ ላይ ጉልበቴ ትንሽ አስቸገረኝ፤ ጫማውም አዲስ ነበር። ስለዚህ ድልድዩ ጋ ካለው ሻይ ቤት አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ለሌላ ጊዜ ይሁን ብዬ ተመለስኩ።

መኪና እንደማይስማማኝ አትርሺብኝ። ለሠርግሽ ወደ እናንተ ከተማ ስንሄድ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ባልሽ ከጀርባው መስኮት አጠገብ በክብር አስቀምጦኝ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ "አውርዱኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁን የሚድር አባት መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲያስመልስ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አየው። በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ ማልቀሴን ግን ማንም አላየም። ተራራውን በእግር ከማቋረጥ ሌላ ወደ አንቺ የሚያመጣ መንገድ የለኝም። አምናም ሞከርኩ፣ ዘንድሮም ሞከርኩ፣ አልሆነም።

አንቺ እንደ ድሮው ብትመጪስ? ከመጣሽ እኮ ዓመት አለፈ። አኩርፈሽ መቅረትሽን አውቃለሁ። ቢሆንም ልለምንሽ ብዬ ነው።

የሚወድሽ አባትሽ፣ ፀጉር አስተካካዩ


የካቲት 18

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ሾፌሩ እጅ ይነሳዎታል። የእርስዎን ደብዳቤ ያመጣ ቀን ከበር ጀምሮ ከፍ አድርጎ ይዞት ነው የሚገባው። አንብቤ ስጨርስ ግን ፊቴን አይቶ ወጥ ቤት ይገባል።

ጉም፣ ጉልበትና ጫማ። አምና ደግሞ ዝናብ፣ የተረሳ ቁልፍና የሆድ ቁርጠት ነበር። አባባ፣ እኔ እኮ ያደግኩት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛ ለምን እንደዘገየ ሲያስረዳዎት እየሰሙ እየሰሙ ቆይተው፣ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው "አንዱ ምክንያት እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አይጨምራቸውም ነበር" ይሉኝ ነበር። ከእርስዎ የተማርኩትን በእርስዎ ላይ ሳውለው ደስ አይለኝም።

ደግሞም ሾፌሩ አይቶዎታል። ሲመለሱ ድልድዩ አካባቢ ደርሶብዎት፣ አውቶቡሱን አቁሞ "ምን ሆኑ?" ሲልዎ "ሂድ፣ ሂድ፣ ደህና ነኝ" ብለው ፊትዎን አዞሩበት። እግርዎን አንፈራጥጠው ነበር አሉ የሚራመዱት። ጉልበቱን የታመመ ሰው ያነክሳል እንጂ እንደዚያ አይሄድም። ተሳፋሪው እየጮኸበት ጥሎዎት ሄደ። እስከዛሬ ይቆጨዋል።

እኔ የጠረጠርኩትን ልንገርዎ። ቤቴን ማየት አልፈለጉም ብዬ ነው የጠረጠርኩት። ሾፌር በማግባቴ ይሆን? እኛ ቤት አንድ ወንበር አለ፣ መስኮቱ ጋ፣ መንገዱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። ገና ቤቱን ስንከራይ "ይሄ የአባባ ነው" ብዬ አስቀመጥኩት። ሾፌሩ ወገቡ ተቆርጦ ሲገባ እንኳ እሱን አልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ እኔ ቀድሜ ልብስ እቆልልበታለሁ፣ እንዳይቀመጡበት። እርስዎ ያላዩት ቤት ቤቴ አልመስል ብሎኛል። መጋረጃ ሰቅዬ፣ ግድግዳ ቀብቼ፣ አሁንም ሰው ቤት በእንግድነት ያለሁ ይመስለኛል።

ደጄን አንድ ጊዜ ሳይረግጡ ወደዚያ አልመጣም ብዬ ምያለሁ፤ አልመጣምም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ። እየተናደድኩብዎትም ይናፍቁኛል፣ ይሄን ደግሞ ይወቁልኝ።

ልጅዎ መርፌ


መጋቢት 4

ለልጄ፤

መልስ ባዘገይብሽ ሦስት መስመር ብቻ ጽፈሽ ሾፌሩን ልከሽዋል። "እውነቱን ካልነገሩኝ ከእንግዲህ አልጠይቅዎም" ይላል ወረቀትሽ። ሾፌሩም ወንበሬ ላይ ተቀምጦ "መልስ ይዘህ ና ተብያለሁ" ብሎኝ አንገቱ ላይ ፎጣ አሰረ። ፀጉሩን ቆርጬ ጨረስኩ፣ ፂሙን ላጨሁ፣ የጆሮውን ጠርዝ አስተካከልኩ፣ የሚላጭ ነገር አጣሁ። አሁን ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

ለሴት ልጅ የሚነገር ነገር አይደለም። ወንድ ልጅ ቢኖረኝም አልነግረውም ነበር። ለሰዓት ሠሪው እንኳ አልነገርኩትም፤ እሱ ደግሞ የማይነገረው ነገር የለም።

ጭኔ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ስነሳ ደህና ነኝ። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ላብ ሲመጣ፣ ሁለቱ ጭኖቼ መሃል አንድ ነገር ይጀምረኛል። መጀመሪያ ሞቅ ይላል፣ ከዚያ ያሳክካል፣ ከዚያ በርበሬ ነው። ያው ወፍራም ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ተልጦ ነበር። ሻይ ቤቱ ጓሮ ገብቼ ከሱቅ የያዝኩትን ፓውደር ነሰነስኩበት። እሱም ከላቡ ጋር ተላቁጦ ሊጥ ሆነና ባሰብኝ። ያም ሆኖ ወንድ ነኝ ብዬ ተነሳሁ፣ ጥቂት ወጣሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ተራራው ገና ከፊቴ ነው። አምናም እዚያችው ቦታ ላይ ነው የተመለስኩት። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፣ ሁለቴም እሷ ላይ ተቀምጬ ወደ አንቺ በኩል ሳይ ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

"ታዲያ ይሄን ማለት ያን ያህል ያስፈራል?" ትይኛለሽ። ማፈሩ አንድ ነገር ነው፤ ሌላም አለ። የለበስኩት ሙታንታ እናትሽ የሰፋችልኝ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ከሷ እጅ ሌላ ለብሼ አላውቅም። ካረፈች ወዲህ እያጠብኩ፣ የሚቀደደውን በገዛ እጄ እየጣፍኩ፣ አሁን አምስት ቀርተውኛል። "የእናትሽ ስፌት ላጠኝ" ብዬ እንዴት ልጻፍልሽ? የሞተችን ሴት ማማት መሰለኝ። እሷ እኮ ቃል አትመልስልኝም።

ቤትሽን ንቄ አይደለም። ሾፌሩንም እወደዋለሁ፤ አሁን አውቶቡሱ ጥሎት የሚሄድ ይመስል ሰዓቱን እያየብኝ ነው እንጂ።

አባትሽ


መጋቢት 11

ለአባባ፤

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ሳቅኩ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው የኦቨርሎክ ማሽን ላይ ተደፍቼ ነው የሳቅኩት፤ ቆራጯ ሴትዮ መርፌ ወጋት ብላ ሮጣ መጣች። ከዚያ የእናቴ ጋ ስደርስ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝና እሷን ጭራሽ ግራ አጋባኋት። ወረቀቱን አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየውም፣ እንዳይጨነቁ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። እኔ ምን እየሠራሁ ነው የምኖረው? የውስጥ ልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው! ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ የማስበው ስለማላውቃቸው ሰዎች ጭን ነው። የት እንደሚፋተግ፣ የት እንደሚይዝ፣ የትኛው ስፌት እንደሚቆረቁር። በዓለም ላይ የማውቀው ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከዚሁ ነገር የተነሳ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ቀርቶ፣ እኔ ወደደኝ ጠላኝ ስል ከረምኩ።

እማማን አላሟትም። የእማማ ሥራ እንከን የለውም፤ እኔ ነኝ የምለው፣ የሙያው ሰው። እሷ የሰፋችው ቀኑን ሙሉ ወንበር ዙሪያ ለሚቆም ሰው ነው። ሰፊ ጥጥ፣ አየር የሚያስገባ፣ ሱቅ ውስጥ ሲቆሙ እንደሱ የሚመች የለም። ለተራራ ግን አልሰፋችውም። ጥጥ ላብ ጠጥቶ አይለቅም፣ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ወደ ላይ እየተሸበሸበ ጭንና ጭንን ለብቻቸው ይተዋቸዋል። ተራራ እንደሚወጡ ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ሌላ ትሰፋልዎ ነበር። ስለዚህ ሱቅ ሲውሉ የእሷን ይልበሱ። የመንገዱን ለእኔ ይተዉልኝ።

ልክዎን እፈልጋለሁ። ወገብዎን፣ የጭንዎን ወፍራሙን ቦታ፣ ከዚያ ከብሽሽትዎ እስከ ጭንዎ አጋማሽ። እኔ አልለካም፣ ሾፌሩም አይለካም፣ አይደንግጡ። ክር ወስደው ይለኩና ቋጠሮ አስረው ይላኩልኝ። ደግሞ ከእማማ አምስት አንዷን፣ በጣም ያለቀችውን፣ ይላኩልኝ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁ።

ፓውደሩን ለደንበኞችዎ አንገት ይተዉት።

መርፌ


መጋቢት 19

ለልጄ፤

ሦስት ክር ልኬልሻለሁ። አጭሩ ወገቤ እንዳይመስልሽ፣ ረጅሙ ነው ወገቤ። ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ስለካ ሰዓት ሠሪው በመስታወቱ አጮልቆ አይቶኝ "ራስህን ልትሰቅል ነው እንዴ?" ብሎ በሩን ሊሰብር ደረሰ። ለሱ ስል እውነቱን ነገርኩት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የገረመኝ ግን ግማሹ ሰው "እኔም እኮ!" ማለቱ ነው። ለካ ሁሉም በየሱሪው ውስጥ ተደብቆ እየተቃጠለ ነው የሚኖረው።

የእናትሽንም ልኬአለሁ። አጥቤ፣ ተኩሼ። ስልከው ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ከኋላዋ ያለው ጥፍ የኔ ነው፤ ከሷ ስፌት ጋር ሲተያይ ያሳፍራል፣ አትሳቂ።

ብሽሽት የሚለውን ቃል ከልጄ እጅ በማንበቤ አፍሬ ደብዳቤሽን አገላብጬ አስቀመጥኩት። ኋላ ተነስቼ ደግሜ አነበብኩት። እናትሽም እንደዚህ ነበረች፣ ነገሩን በስሙ ነበር የምትጠራው።

አባትሽ


ሚያዝያ 3

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጥቅሉን ሾፌሩ ካቀበለዎት ሱቅ ውስጥ አይፍቱት።

አራት ሰፍቻለሁ። ጨርቁ የሚለጠጥ፣ ቀጭን፣ ላብ የማይዝ ነው፤ አሠሪዬ የስፖርተኛ ልብስ ከምትቆርጥበት ነው የሰጠችኝ። እግሩ ረዘም ያለ ነው፣ ጭንዎ አጋማሽ ድረስ ይወርዳል፤ እንዲህ ሲሆን ሥጋ ከሥጋ አይገናኝም፣ ጨርቅ ከጨርቅ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ሲለብሱት ጥብቅ ይላል። "ትንሽ አደረገችው" አይበሉ፣ እንዲይዝ ሆኖ ነው የተሰፋው፣ የሚላላ ከሆነ ነው የሚሸበሸበው። ሳያጥቡ አይልበሱ። ከመነሳትዎ በፊት ቫዝሊን ይቀቡ፣ ከተቃጠለ በኋላ ሳይሆን ገና ደህና እያለ። ትንሽ ሞቅ ሲልዎት ደግሞ ቁጭ ይበሉና እንደገና ይቀቡ፤ ወንድ ነኝ የሚለውን ነገር እቤት አስቀምጠውት ይምጡ። ሲያድሩ ላቡን በውሃ ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ሌላ ይለውጡ። የታጠበውን ቦርሳዎ ላይ ቢያሰጡት እየሄዱ ይደርቃል። ሰው ቢያይስ? ይየው።

ከእማማ ጨርቅ ደህናውን ቦታ መርጬ በአውራ ጣት ልክ እየቆረጥኩ በአራቱም ላይ፣ ከወገቡ ከኋላ፣ ሰፍቼልዎታለሁ። ለብቻዬ ሰፋሁት ማለት ከበደኝ።

ዝናቡ ሳይገባ ነው መምጣት ያለብዎት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዓመት ይጨመርብናል። ወንበሩ ላይ የቆለልኩትን ልብስ አንስቻለሁ።

መርፌ


ሚያዝያ 15

ለልጄ ለመርፌ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስፌትሽን አየሁት። እጅሽ ይባረክ። እንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም፤ ለሰዓት ሠሪው አሳይቼው እሱም አጉሊ መነጽሩን አድርጎ አየልኝ፣ "ክሩ አይታይም" አለ። ጨርቁ ልስልስ ነው፣ ልኩ ልክ ነው። ከሱቅ ኮረብታው ላይ እስካለው የውሃ ታንከር ድረስ ወጥቼ ተመለስኩበት። ቫዝሊኑንም እንዳልሽው ተቀባሁ።

የእናትሽ ጨርቅ ወገቤን ነክቶኝ ሲውል ምን እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም። መንገዱን ሙሉ እጇን ከኋላዬ ያሳረፈችብኝ መስሎኝ ነው የሄድኩት።

መምጣቱን በተመለከተ ግን አሁን ሱቁ ሥራ በዝቶበታል። ምናልባት ከዝናቡ በኋላ ቢሆን ይሻላል። አንቺም ሥራ ይበዛብሻል። ጥድፊያ ምን ያደርጋል።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ፣ እንዳይከፋሽ። ቸኩለሽ ይሆናል፣ አራቱንም ገልብጠሽ ሰፍተሻቸዋል። ስፌቱ በውጭ በኩል ሆኖ ቀርቷል። ሰው አየውም አላየውም ለአንቺ ሙያ አይመጥንም ብዬ አስተካክዬ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ መልሼ ነው የለበስኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰዓት ሠሪውም ያየው ካስተካከልኩት በኋላ ነው።

አባትሽ


ሚያዝያ 22

አባባ፣

ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነው ሆን ብዬ ነው።

ሆን ብዬ ነው፣ አባባ። ስፌት ይቆረቁራል። ስለዚህ ቆርቋሪው ወደ ሱሪዎ፣ ልሙጡ ወደ ገላዎ እንዲሆን ነው ያን ያህል የደከምኩት። እርስዎ ግን የልጅዎን ስም ለማዳን ብለው ያንን ሁሉ ጠርዝ ጭንዎ መሃል መለሱት። ማን ያየዋል ብለው ነው? ሱሪዎን አውልቀው ነው ተራራ የሚወጡት?

"ሱቁ ሥራ በዝቶበታል" የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ እንደተላጡ ገባኝ። ተልጠው፣ እያቃጠለዎት፣ "እጅሽ ይባረክ" ብለው ጻፉልኝ። እናቴን ላለማማት አንድ ዓመት ዝም አሉ፣ እኔን ላለማሳፈር ደግሞ ሌላ ዓመት ዝም ሊሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ዝምታ አንድ ቀን ሳንገናኝ እንቀራለን። የምፈራው እሱን ነው። ገብተው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ እንዳይቀሩብኝ ነው የምፈራው፤ ሌላ ምንም አልፈራም።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን አይነሱ። ንጹሕ ውሃ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ሌላ ምንም አይቀቡበት። የፂም አልኮል እንዳያስነኩት፤ አውቅዎታለሁ፣ አስነክተውትም ይሆናል።

የእማማን ጨርቅ ወደ ውጭ ያደረግኩት ገላዎን እንዳይቆረቁር ብዬ ነበር። እንደዚያ ይሰማዎታል ብዬ አላሰብኩም። አራቱንም ለሾፌሩ ሰጥተው ይመልሱልኝ። ያቺን ቁራጭ ፈትቼ፣ ጠርዟን አለስልሼ፣ በውስጥ በኩል እሰፋታለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ እማማ ወደ ውስጥ።

መርፌ


ግንቦት 6፣ ከድልድዩ ሻይ ቤት

ለልጄ፤

ይሄን የምጽፍልሽ ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሳልነግርሽ ነው የተነሳሁት። "መጣሁ" ብዬሽ ለሦስተኛ ጊዜ ከመቅረት፣ ብቀር እንኳ ሳትጠብቂኝ ይሻላል ብዬ ነበር። አሁን ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ሲያየኝ ምስጢሬ ፈረሰ። ወርዶ ዙሪያዬን ዞረ። "እስቲ ወዲያ ወዲህ ይሂዱ" አለኝ። ሄድኩለት። ተሳፋሪው በመስኮት እያየ ያጨበጭባል፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ እንኳ አያውቅም። "ደብዳቤ ካልሰጡኝ ንቅንቅ አልልም" ብሎ ቆሟል።

ደህና ነኝ። እውነተኛውን ደህና ነኝ ነው የምልሽ፣ የደብዳቤውን አይደለም። ሁለቴ ቁጭ ብዬ ተቀብቻለሁ። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። አንዷን ቦርሳዬ ላይ አስጥቻታለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ያያታል፣ ይያት።

ነገ ያችን ድንጋይ አልፋለሁ። እሷን ነው የምፈራው። ካለፍኳት አናቱ ላይ እደርሳለሁ፣ ወረድ ብሎ ካለው የእግረኞች ማደሪያ አድሬ በማግስቱ ደጅሽ ነኝ። ምንም አታዘጋጂ። በሩን ራስሽ ክፈቺልኝ፣ እሱ ይበቃኛል። የመጨረሻ ጊዜ ያየሁሽ በአውቶቡስ መስኮት እጅሽን እያወዛወዝሽ ስትሄጂ ነው፤ ስንት ወር ሙሉ ያቺን እጅ ነው የማየው።

እናትሽ ብትኖር ይሄኔ "ቶሎ ቶሎ ተራመድ" ትለኝ ነበር። ወገቤ ላይ ሆና እያለችኝም ነው።

አባትሽ


ግንቦት 7፣ ከማደሪያው

ለአባባ፤

ይህን ወረቀት የሚያቀብልዎ በቅሎ ነጂው ነው። ወደ አናቱ ሲወጣ "ወፍራም፣ ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ቦርሳው ላይ ሙታንታ ያሰጣ ሽማግሌ ካገኘህ ስጠው" ብዬዋለሁ። እግሩን አንፈራጦ የሚሄድ ነው አላልኩትም። ቀጥ ብሎ የሚራመድ ነው ያልኩት። በእጅዎ ከገባ ድንጋይዋን አልፈዋል ማለት ነው።

ትናንት ሾፌሩ ደብዳቤዎን ይዞልኝ ሲገባ መቀመጥ አቃተኝ። በሩን ከፍቼ ቆሜ እስከ ነገ ወዲያ መጠበቅ አልቻልኩም። ንጋት ላይ ተነስቼ ወደ እናንተ የሚያሻግረውን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። መሐላሽን አፈረስሽ እንዳይሉኝ፣ ማደሪያው ከአናቱ ወደ እኛ በኩል ነው ያለው። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እዚህ ድረስ ደጄ ነው።

አናቱ ድረስ ወጥቼ ልቀበልዎ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ያንን ሁሉ ለእርስዎ ስሰፋ ለራሴ አንድ መስፋት ትዝ አላለኝም፤ ያገኘሁትን ተራ ጥጥ ሙታንታ ለብሼ፣ በቀሚስ፣ በሩጫ ወጣሁ። ማደሪያው ደጃፍ ስደርስ ሁለቱም ጭኔ ተልጦ ነበር። በርበሬ ብለውኝ ነበር፣ በርበሬ ነው። አሁን አግዳሚው ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ተቀምጬአለሁ፤ የማደሪያው ባለቤት ጉልበትሽን ነው ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት። ጫማውም አዲስ ነው አልኳት።

ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። እኔ የትም አልሄድም፤ መሄድም አልችልም። ከዚህ ሆኜ የመንገዱ መታጠፊያ ይታየኛል፣ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

ቫዝሊን ከተረፈዎት ይዘውልኝ ይምጡ።

ልጅዎ መርፌ